«በአንድ ልብ» የሚለው መስመር

ጥር 6

ሃያ ሁለት ኮሌታ ሰፋሁ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ከስፌት ቤቱ ስወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጸሐፊያችን፣ የምሥራች! ከመንገድ ማዶ ካሉት ጋር ልንታረቅ ነው። አንድ ማኅበር፣ አንድ ማዕድ።»

ደስ አለኝ። እትዬ ያለችው ማዶ ነው... ታላቅ እህቴ። አብረን ዳቦ ከቆረስን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን።

«የድሮውን መዝገብ አውጥተሽ የተለያየንበትን ገጽ ገልብጪ። በዕርቁ ዕለት ይነበባል።»

እሺ አልኩ። መቼ እሺ ሳልል ቀርቼ አውቃለሁ?

ጥር 8

መዝገቡን አወጣሁ። የራሴ ጽሕፈት። ያኔ ፊደል የለየሁት ገና ነበር፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ። ጸሐፊ ሲያደርጉኝ ኮርቼ ነበር።

«እኅታችን ነርሷ በገዛ ፈቃዷ ተለየች። ጉባኤው በአንድ ልብ ተስማማ» ይላል።

ነርሷ እትዬ ናት። በገዛ ፈቃዷ?

ሰባኪው አንዲት ልጅ ተፈውሳለች ብለው መድኃኒቷን አስጣሏት። እትዬ ተነሥታ «ልጅቷ አልዳነችም፤ መድኃኒቷን መልሱላት» አለች። ሌላ አልተናገረችም። አንድነታችንን አፈረሰች ተባለ። ትባረር የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ስምንት ሰው አላወጣም፤ ቆጥሬያለሁ። በኋላ እሷን ተከትለው ማዶ የሄዱት እነሱ ናቸው። ሽማግሌው ግን «በአንድ ልብ ብለሽ ጻፊ፤ ሁሌም የሚጻፈው እንዲያ ነው» አሉኝ።

ጻፍኩ። የእኔ እጅስ? ብዕር ይዞ ነበር... ይሄ መልስ ነው?

ጥር 11

እትዬ ቤት ሄድኩ። ፎጣ ታጥፋለች። ሽማግሌው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉ ነገርኳት። ሳቀች።

«ልብስ ሰፊ አይደለሽ? የበሰበሰ ክር ቢያብር ቁልፍ እንኳ አይዝም በያቸው።»

ከዚያ ሳቋን ተወች።

«ስሚ አንቺ። ሰባኪው አልፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቂም የለኝም። ግን በፈቃዷ ወጣች የሚል ወረቀት ተነቦ፣ አሜን ብዬ አልቆርስም። ለመሆኑ ማን ነው የጻፈው?»

ታውቃለች። ይሄን ሁሉ ዓመት ታውቅ ነበር...

«እኔ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። «ሻይ አለ፤ ከፈለግሽ ቅጂ።»

አልቀዳሁም።

ጥር 14

መዝገቡ ይታረም ብዬ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«እህቴ፣ የደረቀ ቁስል አትንኪ። እውነቱን እግዜር ያውቀዋል።»

«እግዜርማ ያውቃል ጋሼ። መዝገቡ ነው የማያውቀው።»

ከአፌ እንዴት ወጣ? ፊታቸው ጠቆረ።

«ዕርቁ ቢፈርስ ያፈረስሽው አንቺ ነሽ!»

ጥር 17

እናቴ «አንቺ እኮ ጥላሽን አትርገጪ ቢሉሽ ቆመሽ ትውያለሽ» ትለኝ ነበር። ስንት ሰው ይሄን ዕርቅ እየጠበቀ ነው... እኔ ማን ነኝ?

ጥር 20

የዕርቁ ዕለት። ገጹን አርሜ አነበብኩ። ሁለቱም ማኅበር በተሰበሰበበት።

«የዚያን ዕለት ስምንት ሰው እጁን አላወጣም። እኅታችን በፈቃዷ አልሄደችም፤ አባረርናት። በአንድ ልብ የሚለው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ! ያቺ ዝምተኛዋ ናት?» ስትል ሰማሁ። ሦስት ሰዎች ወንበራቸውን ገፍተው ወጡ። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ተነሡ።

«ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉና ቁጭ አሉ።

ማዕዱ ቀረ። ዳቦው በጨርቅ እንደተሸፈነ ተመለሰ። አፈረስኩት?

የካቲት 12

ዛሬ አንድ እንሁን ወይስ አንሁን ተብሎ እጅ ወጣ። መዝገቡን የያዝኩት እኔው። አርባ አንድ ደገፉ፣ ዘጠኝ ተቃወሙ። ሽማግሌው ከልማድ «በአንድ...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ቁጥሩን ጻፊ።»

ከዘጠኙ አንዷ እትዬ ናት። ቆማ «ገና ነን። ያልተነጋገርነው ብዙ አለ» አለች። እሱንም ጻፍኩ። ከአርባ አንዱ አንዱ የእኔ እጅ ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ነው ያወጣሁት።

ማዕዱ ሲቀርብ እትዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ግራ ገባኝ።

«ተቃውመሽ የለም እንዴ?»

«ተጽፏል አይደል?» አለችና ቆርሳ ዳቦውን አሳለፈችልኝ።