ልብስ ሰፊው እንዳይሞት

ይድረስ ለጭምቱ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እንቅልፍስ ትተኛለህ ወይስ እንደ ልማድህ ስታፈጥ ይነጋብሃል? የእማማ ወገብ ተሻላት? አባባስ ያንን ወፍራም መነጽር ለመደው ወይስ ክር መርፌ ውስጥ የሚከትለት ሰው እየተጣራ ነው? ትንሿ እህታችንስ፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን ሁሉ በስልክ ብጠይቅህ «ሁሉም ደህና ናቸው» ብለህ እንደምትገላገለኝ ስለማውቅ ነው ወረቀትና ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እኔ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ። ከማጠብ ወደ መተኮስ አዛውረውኛል፤ ለእጄ ተሻለ፣ ሳሙናው ሊጨርሰው ነበር። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ሸሚዝ ስተኩስ እውልና የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሌሎቹ ወሬያቸውን ይዘው ሲወጡ፣ እኔ የታጠፈ አንሶላ ክምር ደገፍ ብዬ ስልኬን አወጣለሁ። ኮሚክ አነባለሁ፤ እነዚያን በየሳምንቱ በኢንተርኔት የሚወጡትን፣ በአውራ ጣት ወደ ላይ እየገፉ የሚያነቧቸውን የሥዕል ታሪኮች። አለቃችን፣ «ሻለቃ» ነው የምንላት፣ ባየችኝ ቁጥር «ይቺ ትልቅ ሴትዮ ዛሬም ከካርቱኗ ጋር ናት» ትላለች። ትበል። ባለፈው ከትከሻዬ በላይ ስታነብ ይዣታለሁ፤ ቶሎ ብገፋው «ቆይ እንጂ!» አለችኝ።

አንተ አታውቅም እንጂ እኔ በዚህ ነገር ምርጫዬ ከባድ ነው። ሞቶ ተነስቶ ንጉሥ የሚሆን ጀግና ያለበትን አልነካም። ልጅቷ ደረጃ ላይ እየተደናቀፈች ልጁ በየሳምንቱ የሚቀልባትንም ትቼዋለሁ፤ እንዲህ የምትወድቅ ልጅ ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት። ልብሳቸው ደግሞ ያናድደኛል። ጀግናው በአንድ ነጭ ሸሚዝ ሲሮጥ፣ ሲደባደብ፣ ሲያለቅስ ይከርምና ሸሚዙ ላይ አንዲት መጨማደድ የለችም። ማን ተኮሰለት? እጅ መሳል የማይችሉትንም ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ሰዎቻቸው ሁሉ እጃቸውን ኪስ ከተው ነው የሚውሉት።

የምወደው ዝግ የሚለውን ነው። ሰውየው በር ይከፍታል፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ሲቀመጥ። ጣቴ ብዙ ከገፋ በኋላ ነው አንድ ቃል የሚናገረው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የሌሎቹ እንቁላል ገና ሳይፈለፈል ይበራል፤ እኔ የሚሄደውን እመርጣለሁ።

እንዲህ ሳማርጥ ነው የልብስ ሰፊውን ታሪክ ያገኘሁት። ደራሲው ስሙን አልጻፈም። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊና ልጁ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አንባቢው ጥቂት ቢሆንም እኔ አዲስ ክፍል የሚወጣበትን ቀን ቆሜ ነው የምጠብቀው። ሽማግሌው ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት በመዳፉ ዳበስ ያደርገዋል፤ ያንን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ልጁ ከሱቅ ሊወጣ ሸሚዙን ሲቆልፍ ተሳለ። ከታች ጀመረ። ከታችኛው ቁልፍ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው ሥዕል አለው። ስልኩን አንሶላው ላይ አስቀመጥኩት። አንተ፣ ከእኛ ቤት ሰው ሌላ ማን ነው ከታች የሚቆልፍ? አባባ «ከላይ የጀመረ ሰው መሳሳቱን የሚያውቀው ከጨረሰ በኋላ ነው» እያለ ያሳደገው እኛን ነው። እዚህም ሸሚዝ ከታች ስቆልፍ እያዩ ይስቁብኛል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ብጎረጉር የአባባን ሱቅ ዘመም ያለ መደርደሪያ፣ የተሰነጠቀውን መስተዋት፣ የእማማን የምሳ ሳህን አገኘሁ። የገዛ ወንድሜ አድናቂ ሆኜ ስከርም አላወቅኩም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሻለቃ እንፋሎቱ መስሏት መስኮት ከፈተችልኝ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። በሚቀጥለው ክፍል ሥር «መጨረሻው ስለጠፋብኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ» ብለህ ጻፍክ። የሰዎቹን አስተያየት አነበብኩት። አንዱ ጠብ ጨምርበት ይላል፣ አንዷ ቆንጆ ልጅ አስገባ ትላለች፣ ብዙዎቹ ደግሞ ሽማግሌው ይሙትና ልጁ ያልቅስ፣ ያኔ ያምራል ባዮች ናቸው። አንተም «አስብበታለሁ» ብለህ መልሰሃል። ወንድሜ፣ በሞቴ አትግደለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ። ይህን የምለምንህ እንደ አንባቢ ነው። እንደ እህት ደግሞ መጨረሻው ለምን እንደጠፋብህ አውቃለሁ፤ እማማ ነግራኛለች። የስፌት መኪናውን ትቼ ሥዕል እሠራለሁ ካልክ ወዲህ አንተና አባባ ጨው እንኳ የምትቀባበሉት በትንሿ በኩል ነው አሉ። እሱ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለህ፣ አንተም ዝም አይነቅዝም ብለህ አፍህን ዘጋህ። አይነቅዝም፣ እውነት ነው፤ ሲከማች ግን ቤት ያጣብባል።

ስለዚህ ሳላማክርህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከተቆጣህም ተቆጣ። ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ለምትሰፋው ሴትዮ ታሪኩን በስልኳ ላኩላት። ለአባባ እንድታሳየው፣ የማን እንደሆነ ግን እንዳትተነፍስ አስማልኳት። መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሊመልስላት ነበር አለችኝ። ከዚያ መነጽሩን ጠርጎ ተቀመጠ። ስልኬን ስጠኝ ብትለው «ቆይ»፣ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ቢያጉረመርም ቀና አላለም። ሲያልቅበት «ቀጥሎስ?» አላት። ደራሲው አቁሞታል አለችው። ስልኩን እየመለሰላት «ሽማግሌው ኮሌታ ሲሰፋ የተሳለው ልክ አይደለም። እንዲህ ከተያዘ ይጨማደዳል። መጥቶ እጄን ቢያይ ልክ ይመጣለት ነበር» አለ። ማን መጥቶ ብላ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልተናገረም። «ይሄ ነገር ከዚህ ሱቅ እንዳይወጣ» ብቻ ብሏታል።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ኮት ኮሌታው ሳይሰፋለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ባለኮቱ ሲመጣ «ሰው እየጠበቅኩ ነው፣ ታገሠኝ» ይለዋል አሉ። አባባ የደንበኛ ቀጠሮ ሲያሳልፍ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቼ አላውቅም።

እማማን ጉልበቷን ስመህ ናፍቀሻታል በልልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ቀለምህን ብትነካካም አትቆጣት። አክስታችንን ስለላከችልኝ ሹራብ አመስግንልኝ፣ እጅጌው ቢረዝምም ይሞቃል። ቁልፍ የምትሰፋውን ሴትዮ ደግሞ ከሱቅ እንዳይወጣ የተባለውን ስላወጣችልኝ እድሜ ይስጥሽ በልልኝ።

የአባባን ሰላምታ ግን ለእማማም ለትንሿም አልሰጥም። የምሰጠው ለአንተ ነው። ሱቅ ገብተህ፣ ከጎኑ ወንበር ስበህ፣ በገዛ አፍህ «አባባ፣ እህቴ ሰላም ብላሃለች» በለው።

የምትወድህ እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን