ለፎቶው የሰፋሽልን ልብስ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ፣ እህቴ ተብለሽ እናት ለሆንሽኝ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብሽ ትከሻሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ሰዓት ሠሪውስ ደህና ነው? ልጅሽስ፣ ትምህርቷስ? ያ እንደ ሽማግሌ የሚያቃስተው የስፌት መኪናሽስ ዘይት ጠጥቷል? ዓይንሽን ሳልጠይቅ ያለፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት እንዲያውም ለእሱ ስል ነው። በስልክ ብነግርሽ «ተወኝ ባክህ» ብለሽ ወሬ እንደምትለውጪ አውቃለሁ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። አንቺም የምታነቢላት የእህቴ ልጅ፣ እናትሽ እለፊው ብትልሽ እንኳ አንድ መስመር እንዳትዘልዪ አደራ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ከትንሿ ልጄ ከድንቡሼ የፊት ጥርስ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

የላክሽው ጥቅል ሐሙስ ዕለት ደረሰን። ፎቶው ደግሞ ቅዳሜ ነበር። እንደነገርኩሽ፣ በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ፎቶ አንሺ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው መናፈሻ ይመጣና የሰፈሩ ቤተሰብ ሁሉ ተራ ይዞ ይነሳል። እኛ እስከ ዛሬ ያገኘነውን ለብሰን ነበር የምንቆመው። ባለቤቴ የአምናውን ፎቶ አየችና «ፌርማታ ላይ የተገናኘን መንገደኞች እኮ ነው የምንመስለው» አለች። አውቶቡስ ነጂ ስለሆነች የፌርማታ ሰው ታውቃለች። ዘንድሮ ቆረጠችና ሦስት ቀለም መረጠች፤ ለእኔ ቅጠልያ ኮት፣ ለራሷና ለእናቷ ቡናማ ቀሚስ፣ ለሁለቱ ልጆች ወይን ጠጅ። ከረገፈው ቅጠል ጋር ይስማማል፣ ዩኒፎርም ግን አይመስልም አለች። አማቴ ጥቁሩን ሹራቤን ካልለበስኩ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በኋላ ልብሱን የምትሰፊው አንቺ መሆንሽን ስትሰማ ነው ፊቷ የተፈታው።

ልካችንን የላክንልሽ እንደ ቤታችን ደንብ በክር ነው። ባለቤቴ «ሜትር ሞልቶ! ቁጥሩን ጽፈህ ብትልክላት ምናለበት?» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አንቺ በቁጥር እንደማትሰፊ አውቃለሁ። ለእያንዳንዳችን አንድ ክር፤ አንደኛው ቋጠሮ ለትከሻ፣ ሁለተኛው ለእጅጌ፣ ሦስተኛው ለደረት፣ የክሩ ጫፍ ለልብሱ ርዝመት። ቀለሙን እንድታውቂው ደግሞ በየክሩ ራስ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አሰርኩበት።

ጥቅሉን ፈታነው። የእኔ ኮት ወይን ጠጅ ሆኖ መጥቷል። ላውንድሪ ቤት ልብስ ስተኩስ ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ኮት ይዞ የሚመጣ አንድ ደንበኛ ብቻ ነው ያለን፤ እሱም ሠርግ ላይ የሚዘፍን ሰውዬ ነው። የባለቤቴ ቀሚስ ቅጠልያ ሆኗል፤ የአማቴ ወይን ጠጅ። ከሁላችንም ቀለሙ የገጠመላት ትልቋ ልጄ ብቻ ነች። የድንቡሼማ ገላው ወይን ጠጅ፣ አንዱ እጅጌ ቡናማ፣ ሌላው ቅጠልያ። ለበስነው። እታለም፣ ልኩ ቅንጣት ታህል አልሳተም! የእኔ ኮት ትከሻ ላይ እንደተወለድኩበት ነው የተቀመጠው። ቀለሙ ግን ሌላ ነበር።

አሁን የምነግርሽን ልደብቅሽ እችል ነበር። ግን ካልነገርኩሽ ምስጋናዬም አይጥመኝም። ያን ዕለት ከሥራ ደክሜ ገብቼ ነበርና አፌ አመለጠኝ። «እህቴ ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ አሁን አሁን ሥራ ትንቃለች» አልኩ። በልጆቼ ፊት ነው ያልኩት። ባለቤቴ ነገ ከሥራ ስትወጣ ከሱቅ የተዘጋጀ ልብስ እንደምታይ ተናገረች። አማቴ ግን የድንቡሼን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ ዓይኗን ጨፈነችና ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው፤ ከብብት እስከ ቅምቅማቱ። ከዚያ «ስፌቱ ዝንፍ አላለም። እህትህ ሥራ አልናቀችም፣ ልጄ። አታይም» አለችኝ። እሷም ሞራ ከዓይኗ ሳይገፈፍላት በፊት ቡናማውም ቅጠልያውም አንድ ይሆንባት እንደነበር ነገረችን።

ኩም አልኩ። ኮቱን ልተኩሰው አንስቼ ገበሩን ስዳብስ፣ የውስጥ ኪሱ ውስጥ አንድ ብጣሽ ጨርቅ አገኘሁ። አሥራ ሁለት መርፌ ተሰክቶበታል፤ አሥራ ሁለቱም ክር ገብቶባቸዋል። ልጅሽ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የምታሰናዳልሽ የቀኑ ሥራሽ ነው አይደል? ረስተሽው ነው። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ መጣልኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደብዳቤሽ የሚመጣው በልጅሽ እጅ ጽሑፍ ነው፤ «እጄ ስፌት ይዞ ነው» ስትዪኝ አምኜ ነበር። በስልክ እየተያየን ስናወራ «ማን ነው የተናገረው?» የምትዪውንም ጨዋታ ነው ብዬ እስቅ ነበር። ልጆቼን ጠርቼ፣ ስለ አክስታችሁ ያልኩት ልክ አልነበረም አልኳቸው። አንቺም ይቅር በይኝ።

ለምን እንደደበቅሽኝ ይገባኛል። ወንድሜ ሥራሽን ተዪ ይለኛል ብለሽ ነው። አልልሽም። አንቺን ሥራ አስፈትቼ እኔ ምን ለብሼ ልኖር ነው? የስምንተኛ ክፍል መታወቂያ ፎቶዬን ታስታውሺው የለ? ኮት ለብሳችሁ ኑ ተባልን፤ የነበረሽ ጨርቅ ደግሞ ለሙሉ ኮት አልበቃም። ፊቱን ብቻ ሰፋሽና ጀርባዬ ላይ በክር ጠፍረሽ «ፎቶ ጀርባ አያይም፤ ብቻ እንዳትዞር» ብለሽ ሰደድሽኝ። እስክመለስ ድረስ ግድግዳ ተደግፌ ዋልኩ። ያ ፎቶ ዛሬም አለኝ፤ የሚኒስትር ልጅ ነው የምመስለው። እንደኔ ያለ እናት የሌለው ልጅ ከሰው እኩል ቀና ብሎ የተነሳው ባንቺ ብልሃት ነው። ይህን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም። አሁን ልንገርሽ፤ እጅሽ ይባረክ፣ ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ቅዳሜ የሰፋሽልንን ለብሰን ወጣን። ሱቅ የሄደ የለም። አማቴ በወይን ጠጅ ቀሚሷ አሥር ዓመት ታናሽ መስላ፣ ስለ ጥቁር ሹራቧ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ከፊት ከፊት ሄደች። ፎቶ አንሺው ከላይ እስከ ታች አየንና «አስባችሁበት ነው?» አለ። ባለቤቴ፣ ያቺ ስለ ቀለም አንድ ወር ሙሉ ያሰለቸችን ሴት፣ «አዎ፣ በጣም አስበንበታል» አለችው። ከዚያ ካሜራው ውስጥ አጮለቀና «ትንሿ ትንሽ ትዙር፤ ያኛው እጅጌ ባይታይ ይሻላል» አለ። እኔ «አትዞርም» አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም መሰለኝ፣ ትልቋ ልጄ ሳቋ መጣ። ድንቡሼ ደግሞ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋችለት፤ «ይሄም ያም አክስቴ የሰፋችው ነው» ብላ በወለቀ ጥርሷ ፈገግ አለች። ያነሳን ያን ጊዜ ነው። መሬቱ ላይ የወደቀው ቅጠልም አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገና ያልደረቀ፤ እንደኛው ተደባልቆ ነበር።

አሁን ዓይኔን በጨው አጥቤ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አማቴ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ ብላለች፤ «ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ አትፍሪ። እኔ ጠዋት ገብቼ ለምሳ ቤቴ ነበርኩ። ፋሻው ሲፈታልኝ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጠቃጠቆ ነው።» ሞራ ካልሆነም ምን እንደሆነ ሐኪሙ ይንገርሽ፤ እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፣ የማውቀው የለም። የማውቀው ዝም ብለሽ ብቻሽን እንዳትቀመጪ መፈለጌን ነው። መርፌዎችሽንም እንዳሉ መልሼልሻለሁ፤ ሲከፈት እጅሽን እንዳይወጋሽ ተጠንቀቂ።

ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለ፤ ልጅሽ ታይልሽ። አንቺም በእጅሽ እንድታዪው ብዬ ደግሞ የተሰበረ የልብስ መስቀያ እንጨት ላይ አምስት ክር አስሬ ልኬልሻለሁ። አልጋ ላይ ዘርጊው። እንጨቱ የቆምንበት መሬት ነው፤ የየክሩ ጫፍ የየራሳችን አናት። ከግራ ጀምሮ ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄ፣ ድንቡሼ፣ እኔ፣ አማቴ። በእኔ ክር ላይ ያለው ቋጠሮ እጄ ድንቡሼ ትከሻ ላይ ያረፈበት ነው። በእኔና በአማቴ መካከል ግን ክፍት ቦታ ታገኛለሽ። ፎቶ አንሺው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ቢልም አልተጠጋሁም፤ ቦታው ያንቺ ነው። ክርሽን ልሠራ ተነሳሁና እጄ ቆመ። ልክሽን አላውቀውም። ሰፈሩን ሁሉ ስትለኪ ኖርሽ፣ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስትለኪኝ ኖርሽ፤ አንቺን የለካሽ ሰው ግን የለም።

ሰዓት ሠሪውን እንደምን ነህ በይልኝ፤ ያደሰልኝ ሰዓት አንድ ደቂቃ አልቀደመም፣ አልዘገየም። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስለ መርፌዎቹ ስል ደግሞ እጇንም ሳሚልኝ። ጨርቅ ሻጯ ጎረቤትሽን፣ ሦስቱንም ቀለም አሳምራ መርጣለች በያት። ባለቤቴ፣ አማቴና ትልቋ ልጄ አንገትሽን አቅፈው ይስሙሻል። ድንቡሼ ከቀሚሷ ጋር መተኛት ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ልጅሽ ዛሬውኑ ትለካሽና ክሩን ላኪልኝ። ልብሱን ማን ይሰፋዋል ብለሽ አታስቢ፤ ለከርሞው ፎቶ አንቺው ትሰፊዋለሽ፣ ቀለሙን እያየሽ። ሦስቱ ቋጠሮዎች እንደ ደንቡ የትከሻ፣ የእጅጌና የደረት ይሁኑ። አራተኛ ቋጠሮም ይኑረው፤ እሱን የምትቋጥሪው ሐኪም ዘንድ ደርሰሽ ስትመለሺ ነው። ሦስት ቋጠሮ ብቻ ያለው ክር ከመጣልኝ፣ እታለም፣ መልሼ እልክልሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ባለ ፊት ብቻው ኮት

ከላውንድሪው በላይ ካለችው ቤታችን፣
ኅዳር 4 ቀን