ቲቶ «ክልል ምን ያደርጋል?» ያለ ዕለት

ወንድሜ ትዕዛዝ፣

«እኛ ጋ በሐሳቡ የሚባረር ሰው የለም!» ሶዶ ውስጥ የሶፍትዌር ድርጅት ያላት ሳሌም ለእኔ ለእንግዳዋ ስትነግረኝ አመንኳት። ምሳ ላይ ፕሮግራመሩ ቲቶ፣ ያውም እዚሁ ሶዶ መሐል፣ «ለወላይታ የራሱ ክልል ምን ያደርግለታል?» አለ። ሳሌም ወላይታ ክልል ይሁን ብላ ስትሟገት የኖረች ናት፤ የልጁ እንጀራ ዛሬ ተቆረጠ ብዬ መጉረስ አቆምኩ። እሷ ግን «አንተ ግትር፣ አፍህን ክፈት!» ብላ ዳጣ የጠገበ ሥጋ አጎረሰችው፤ ክርክሩም እስከ ሻይ ቀጠለ። እኔ የምሠራበት ቢሮ ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው ከቴሌግራም ግሩፕ ይወጣል። በአገሬ ልጆች እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ፖስት ካርዱ ጠበበኝ፤ ጥሩነሽንና ልጆቹን ሳምልኝ።

የድርጅቱን ሰርቨር የይለፍ ቃል የሚያውቀው ቲቶ ብቻ ነው።