ሕገ መንግሥቱና የአባቴ ጆሮ

ሐሙስ

ዛሬም ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ የጠየቁኝ መልካሙን ነው። «ያ ልጅ አልመጣም?» እኔ መምጣቴ አይቆጠርም።

መልካሙ ግቢያችን ውስጥ የተከራየ የሕግ ምሩቅ ነው። እሑድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከእኔ ጋር ይከራከራል፦ አገር አንድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያስፈልጋታል ወይስ በልማድና በተለያዩ ሕጎች መተዳደር ትችላለች? እኔ የሥነ ዜጋ መምህሩ ያስፈልጋታል እላለሁ። እሱ እንግሊዝን እየጠቀሰ አያስፈልጋትም ይላል።

ዓርብ

አባቴንና መልካሙን በመስኮት ሰማኋቸው። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ እኔ ዘንድ ንፋስ መውጫ ከተማ እስኪመጡ ድረስ ቤተ ልሔም ደብር የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ፣ ያስተምሩ ነበር። ዜማውን ትቼ አስኳላ ከገባሁ ወዲህ ከእኔ ጋር ስለ ትምህርት ተጫውተው አያውቁም። ለመልካሙ ግን፣ «ዜማ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ ከመምህር አፍ ነው። ሕግም እንዲሁ ነው፣ ልጄ» ይሉታል።

ልጄ።

ሁለቱም ሳቁ።

ቅዳሜ

ስዘጋጅ ዋልሁ ልበል እንጂ የመልካሙን ነውር ስፈልግ ነው የዋልሁት። አላገኘሁም። ትሑት ነው፤ ይህም አናደደኝ።

«አባትህን ነገ ወደ አዳራሹ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ። እኔ ስንት ጊዜ ለምኛቸው ትምህርት ቤቴን ረግጠው አያውቁም። ለእሱ እሺ አሉ።

እሑድ

መልካሙ ቀድሞ ተናገረ። «ሰው ካላፈረ ወረቀት አያስረውም» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴ ከፊት ተቀምጠው «እውነት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«ልማድ የሚያውቀው የቤቱን ሰው ነው። እንግዳው፣ ባይተዋሩ፣ የተጠላው ልጅ ምን ይዞ ይከራከር? ሁሉም የሚያነበው፣ ሹም የማይሽረው አንድ ጽሑፍ ይፈልጋል።»

ዳኞቹ ለመልካሙ ፈረዱ። በባጃጅ ተመለስን።

ሰኞ

ጠዋት ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ያንን የትናንቱን ድገምልኝ።»

«የተሸነፍሁበትን?»

«መልካሙ ሲናገር የራሴን ቃል ነው የሰማሁት። አንተ ያልኸውን ግን አስቤው አላውቅም። የተጠላው ልጅ ያልኸው ማንን ነው?»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «እሺ፣ ያን ጽሑፍ የሚጽፈው ራሱ ሹሙ ቢሆንስ?»

መለስሁላቸው። አላመኑም፤ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ድሮ ደቀ መዝሙሮቻቸውን እንደሚያፋጥጡት አፋጠጡኝ። ክፍል አረፈድሁ።

መልካሙ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም አሁንም ፊቱን ማየት አስጠላኝ። ቅናቱ አልለቀቀኝም። ብቻ አባቴ፣ «ኋላ ና፤ ክርክር ይዘናል» አሉት።