የደጊቱ ለቅሶ ለእንግሊዙ ተዋናይ ስለ መዋሉ

ይድረስ በስኔልቪል ሰፈራችን የቴሌቪዥን ድራማ ለሚቀርፁት ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ካሜራዎ፣ ያ ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ከደጄ የሚያስነሱበት ብርቱካናማ ምልክትዎስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቆጠርኩት ፊደል ጥቂት ቢሆንም፣ ለቅሷችንን በድራማዎ እንድናሳይ ሳይን አድርግ ብለው የላኩልኝ ወረቀት ምን እንደሚፈልግ ገብቶኛል። ልጄ ሩሐማ ይህን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች፤ እንዳታለሰልሰው አስጠንቅቄያታለሁ።

አንደኛ፤ የባለቤቴ የደጊቱ የአርባ ቀን ተዝካር ዕለት፣ እኔ ድንኳን አጥቼ እንግዶቼን ጋራዥ ውስጥ ሳስቀምጥ፣ እርስዎ ከደጄ ፊት ለፊት ያን የሚያህል ነጭ ድንኳን ተክለው ጥቁር የለበሰ ሰው ስለደረደሩበት ምስጋናዬ የላቀ ነው። የደጊቱ ወዳጅ ሸዋነሽ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም ነበር። መሐል ከተማ፣ ሚድታውን ካለው የሆስፒታል ሥራዋ በቀጥታ መጥታ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ እንደጣለች፣ "ደጊቱዬ፣ ምነው ሳላይሽ!" እያለች የገባችው የእርስዎ ድንኳን ውስጥ ነው። ሰባት ሰዎችም ለቅሶ ቤቱ እዚያ ነው ብለው ተከተሏት። እርስዎ ጨዋ ነዎትና "ተሳስታችኋል" ብለው አላሳፈሯቸውም፤ ካሜራውን ብቻ አስጠጉ። እኔ ጋራዤ በር ላይ ቆሜ የሚስቴን ለቅሶ ከመንገድ ማዶ ሰማሁት።

ሁለተኛ፤ ድንኳንዎ ውስጥ ሬሳ ሆኖ ሣጥን ውስጥ የተኛው እንግሊዛዊ ወጣት ተዋናይ፣ ሚስተር ቶቢ፣ የወደፊት ዕድሉ በዚህ ለቅሶ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ስለጻፉልኝ ልቤ ተነክቷል። ሩሐማ ኢንተርኔት ላይ እንዳነበበችልኝ፣ ልጁ በአገሩ ቴሌቪዥን ሁለት ዓመት ሐኪም፣ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ሆኖ አገልግሎ፣ ጆርጂያ ሲደርስ ሬሳ ሆኗል። እኛን ይህ አይገርመንም። በአገሩ ርዕሰ መምህር የነበረ፣ እዚህ ፓርኪንግ የሚጠብቅ ጎረቤት አለኝ። ቁልቁል መሾም የለመድነው ነው። ነገር ግን ማናችንም ሥራ እናግኝ ብለን የሰው ሚስት ለቅሶ አልወሰድንም።

ሦስተኛ፤ ስምንቱም ሰዎች "ጋሼ ወንዳፍራሽ ካልፈረሙ አንፈርምም" ስላሉ፣ መልእክተኛዎ እልኸኛ ሽማግሌ ብሎኛል አሉ። ልክ ብሏል። ደጊቱም አርባ አንድ ዓመት ይህንኑ ስትለኝ ኖራለች፤ እሷ ግን ሻይ ይዛልኝ ነበር የምትለኝ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ። እፈርማለሁ። ድራማው አልቆ ስም በሚያልፍበት ጊዜ፣ ከመብራት ያዡም ከምግብ አቅራቢውም በፊት፣ የልጁ ስም በተጻፈበት ፊደል ልክ፣ "እነዚህ ሰዎች ያለቀሱት ለወይዘሮ ደጊቱ ገብረሕይወት ነው" ተብሎ ይጻፍ። ይህ የማይሆን ከሆነ ለቅሷችንን ቆርጠው ያውጡት፤ ለሚስተር ቶቢም የገዛ ዘመዶቹ መጥተው ያልቅሱለት።

ድንኳንዎ ለሠርግ ብቻ የሚተከል እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር፣

ሳይጠየቅ አልቃሽ ያቀረበልዎ ጎረቤትዎ
ወንዳፍራሽ ኃይሉ

ማሳሰቢያ፤ ሸዋነሽ ሣጥኑ አጠገብ ስትደርስ፣ ሟቹ ቀይ ፀጉር ያለው ጎረምሳ መሆኑንም፣ እንደሚተነፍስም አይታለች። የጀመሩትን ለቅሶ መሐል ላይ ማቋረጥ ነውር ሆኖባት ነው የቀጠለችው። ከዚያ ወዲያ ያለችዋን ለቅሶ ያለቀሰችው ለእሱ መሆኑን አልካደችም፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ብሎ ከእናቱ መለየቱ አንጀቷን በልቷት ነው። ያቺን ለቅሶ መርቀንለታል።