የወንዶቹ ግሩፕ ጠፋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አማን፣ ዮርዳኖስ

ዳንኤል የወንዶቹን የቴሌግራም ግሩፕ አጠፋው። ሳሃብ በሚባለው ሰፈር ፋብሪካ አብረን ስንሠራ የከፈትነው ነበር። በኮሮና ምክንያት ከተቀነስን ወዲህ ከሰው ጋር የማወራው እዚያ ብቻ ነው፤ እዚያም የምናወራው ስለ ኳስ ነው። ትናንት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሚስቴ የሰው ቤት እያጸዳች ታበላኛለች፤ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት መልስ ካለ ብዬ ስከፍት ግሩፑ የለም።

ዳንኤል ጋ ደወልኩ።

«ከግሩፑ አንዱ ልጅ ስለ ሰዓት እላፊው የላከው የድምፅ መልእክት ወጥቶ ፖሊስ ጠርቶታል። አሉባልታ አሰራጭተሃል ነው የሚሉት። እኛ ደግሞ የኢቃማ መኖሪያ ፈቃዳችን ካለፈ ቆየ። ለወሬ ብለን እንባረር እንዴ?» አለኝ።

የጻፍኩትን አይቶት እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። ምናልባት ያነበበኝ ፖሊስ ብቻ ይሆናል።

ሚስቴ አልማዝ ከምታጸዳበት ሰፈር ከስዌፍየህ የገባችው የሰዓት እላፊው ሳይረን ሊጮኽ ሲል ነው። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«ዛሬስ ከልጆቹ ጋር ተጫወታችሁ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፣ «ስለ ኳስ።»