ማንም ሳይነካው የዞረ ብረት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሰባተኛው መስመር ነው። አሁን አወቅሁት፤ ማወቄ ግን ደስ አላሰኘኝም።

ከጠዋት ጀምሬ የመውጫ ቦርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ስለካው ዋልኩ። ኮምፒውተሩ «ተነስ» ሲል ትእዛዙ ወደ ሞተሮቹ የሚያልፈው በዚህ ሰሌዳ ነው፤ የሁሉም ሞተር ሽቦ የሚታሰረው እዚሁ ላይ ነው። የሰባተኛው ማብሪያ ተቃጥሎ ተጣብቋል። ኮምፒውተሩ ምንም ሳያዝ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ያውም ሁልጊዜ አይደለም፣ ሲሞቅ ብቻ። ሰባተኛው ደግሞ ስክሩ ነው፤ ስንዴውን ወደ ወፍጮው የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት። ባለፈው ሐሙስ ሊያጸዱት የገቡትን የጋሽ እንየውን ሦስት ጣት የበላው እሱ ነው።

የዱቄት ፋብሪካው ሰው ግን ፈርዶ ጨርሷል። አንተነህ ነው ይላሉ፤ የፈረቃው ኦፕሬተር፣ ቁልፎቹ ፊት የሚቀመጠው።

እኛ ዘንድ ስክሩን ለማጽዳት የሚገባ ሰው ነጠላውን ኦፕሬተሩ ፊት ባለው የስክሩ ቁልፍ ላይ ያንጠለጥላል። ዋናውን ቢያጠፋ ወፍጮው በሙሉ ስለሚቆም ማንም አያጠፋም፤ ነጠላ ይበቃል። የሰው ነጠላ ገፍቶ ቁልፍ የሚጫን እዚህ አገር አልተፈጠረም። ሐሙስ ዕለትም ነጠላው እንደተንጠለጠለ ነበር። ለዚህ ነው ሰው አንተነህን እንደ አረመኔ የሚያየው።

ሥራ አስኪያጁ ምትክ ቦርድ ምረጪ ብሎኛል። ሁለት አለ። አንዱ ያው ዓይነቱ ነው፤ አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ በአውቶቡስ ይላካል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝና በእጅ የሚነቀል ማቋረጫ አለው። ስክሩ ውስጥ የሚገባው ሰው ማቋረጫውን ነቅሎ ኪሱ ከትቶ ይገባል፤ ከዚያ ቦርዱ ቢያብድም ብረቱ አይዞርም። እሱ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። እስከ ገና ሊቆይ ይችላል።

እስከ ገና ፋብሪካው ተዘግቶ፣ አዲሱ ስንዴ በር ላይ ተቆልሎ፣ የቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ። የባሰ አታምጣ ነው እንግዲህ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ገባሁ፤ ሲያዩኝ ቀኝ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር ደበቁ። ከሁሉም ያ አመመኝ።

«እግዜር ይማርዎ ጋሽ እንየው» አልኩ።

ነገርኳቸው። ማንም አልነካውም፣ ቦርዱ ነው፣ ለክቼ አይቻለሁ አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ተይ ልጄ። ብረት ሰው ሳይነካው ይነሳል? ነጠላዬን እያየ ነው የተጫነው። በምን እንዳስቀየምኩት ብቻ ቢነግረኝ።»

ሚስታቸው እስከ በር ሸኙኝ። የጋሽ እንየው ወንድም ከገጠር እንደመጣና አንተነህን ሊበቀል እየፈለገው እንደሆነ ቀስ ብለው ነገሩኝ። እሳቸውም ፈርተዋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ማንም አላናገረኝም። ግቢው በር ላይ የቀን ሠራተኞቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሳልፍ አንዷ፣ እኔ እንድሰማ ሆን ብላ፣ «ቦርድ መምረጥ እንደ ሙሽራ መምረጥ ሆነ እኮ!» አለች። ሳቁ። ምን ልበላቸው? ልጆቻቸው ጾም የሚያድሩት በእኔ ምርጫ ነው።

ከሰዓት አንተነህ መጣ። ከስቷል። ሽማግሌ ተልኳል አለኝ፤ አርብ ለሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣሉ። ሽምግልናውን ሊመሩ መሪጌታ ይባቤ ከደብረ ወርቅ ድረስ ይመጣሉ።

«ጥሩ ነው፤ እውነቱን ንገራቸው» አልኩት።

«ምን እውነት? አጠፋሁ ብዬ ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ይምሩኛል፣ ያልቃል።»

«አልነካሁም አላልከኝም እንዴ!»

«አልነካሁም። አልነካሁም ካልኩ ግን ወንድምየው አይተወኝም። አጠፋሁ ካልኩ እርቅ አለ። ሆድ ይፍጀው ስንታየሁ፣ ተይኝ።»

ተናደድኩ፤ ጮህኩበት። ከሄደ በኋላ ግን እኔ ብሆንስ አልኩ። እኔም ድንጋዩን የምሸከም ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የፈራሁት ደረሰ። የሁለተኛውን ቦርድ ወረቀት ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ወረቀቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ልጁ ነገ ሊያምን ነው አይደል? እንግዲያው ጥፋቱ የሰው ነው። የሰው ጥፋት ከሆነ ያው ዓይነቱ ቦርድ ምን አለው? ቅዳሜ ይታዘዝ፣ ሰኞ ሥራ እንጀምር።»

ያው ዓይነቱም እኮ ሲቃጠል ተጣብቆ ነው የሚቃጠለው አልኩ። «ሲቃጠል እናያለን» አለኝ።

ወይ ጣጣ! አንተነህ ለሰላም ብሎ በሚዋሻት አንዲት ቃል ያው ብረት ያው ቦታ ላይ ሊቀመጥ ነው። ቀጥሎ የሚገባውም ነጠላውን ሰቅሎ፣ ተማምኖ ይገባል። ማን ይሆን? ትናንት የሳቀችብኝ ሴት ባል ነው አሁን በጋሽ እንየው ቦታ የተመደበው።

ቦርዱን ዘንቢል ውስጥ ከተትኩ። ሁለት የሞተር ሳይክል ባትሪና አንድ አምፖል ተዋስኩ። ሽምግልና ላይ ሴት ሳትጠራ ዘንቢል ይዛ ስትገባ ምን እንደሚሉኝ እግዜር ያውቃል።

አርብ፣ ኅዳር 12

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የተቀመጡት ጋሽ እንየው ግቢ ነው። ከሆስፒታል ትናንት ወጥተዋል። ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ በየግቢው ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ከተማው ጭስ በጭስ ሆኗል። እኔ ስደርስ አንተነህ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ በር ላይ ቆሟል። ወንድምየው ግድግዳ ተደግፎ ያየዋል። ሥራ አስኪያጁም አለ።

«አባቶቼ፣ ልጁን ከመማራችሁ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ» አልኩ። ጉርምርምታ ሆነ። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ፤ «ትናገር።»

ባትሪዎቹን አሰርኩ፣ አምፖሉን ሰባተኛው ላይ አሰርኩ። ትእዛዝ የሚገባበትን ሽቦ ቆርጬ አሳየኋቸው። አሁን አምፖሉ ማንም ሳያዘው ይበራል አልኩ።

አልበራም።

ጠበቅን። አልበራም። ወንድምየው በአፍንጫው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። መሪጌታ «ልጄ፣ ይብቃሽ፤ ልጁም ደከመው» አሉ። ቦርዱ ሌሊቱን ውርጭ ሲመታው አድሯል፣ ቀዝቅዟል! ዘንቢሉን እንዳለ አፍሼ ቆሻሻው ወደሚጤስበት ጥግ ሮጥኩ። ፍሙ አጠገብ አስቀመጥኩት። እብድ መስያቸው መሆን አለበት። ተንበርክኬ፣ እያሳለኝ፣ ሚካኤልን እየለመንኩ።

በራ። ፈዘዝ ብሎ ጀመረና ቦግ አለ። ማንም አልነካውም።

ጋሽ እንየው ተነስተው መጡና አምፖሉን ቁልቁል አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ዞር ሳይሉ «ድንጋዩን አውርዱለት» አሉ።

መሪጌታ «ተመስገን፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ሊመርቁ ተነሱ። ጋሽ እንየው ግን አምፖሉ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ እኔ አሁን ማንን ልማር?» አሉ። እኔ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ደወለ። «ሁለተኛውን እዘዢ። አገር ሁሉ ካየ በኋላ ምን ምርጫ አለኝ።» አዘዝኩ። ሻጮቹን በስልክ የማቋረጫውን ዓይነት ሁለቴ አስነበብኳቸው። መቼ ይደርሳል ስል «እናያለን እህቴ» አሉኝ። የቀን ሠራተኞቹ ለአጨዳ ወደ ይጁቤ በኩል ተበትነዋል። ያቺ ሴት ስትሄድ ሰላም አለችኝ፤ ደስ ብሏት ግን አይደለም።

አንተነህ ሥራውን ለቀቀ። ይቅር ሊሉት ተዘጋጅተው የነበሩት ሁሉ አሁን ዓይኑን ማየት አፍረዋል። «አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ይቀበሉኝ ነበር» አለኝና በመጀመሪያው ሚኒባስ አገሩ ገባ።

እኩለ ቀን ላይ ዘበኛው ጠራኝ። ጋሽ እንየው ከመሪጌታ ጋር በር ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው በፋሻ እንደታሰረ፣ በዚያ ፀሐይ። «ልጁን ጥሪልኝ። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበለኝ» አሉ።

ሄዷል ማለት አቃተኝ። ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አነሳ። «ጋሽ እንየው ናቸው፤ ሊያናግሩህ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው ይዘው ወደ አጥሩ ፈቀቅ አሉ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ጎንበስ ብለው ሲነጋገሩ ብቻ አየኋቸው።

ስልኬን ሲመልሱልኝ «ይመጣል?» አልኳቸው።

«አላለም» አሉ። ነጠላቸውን በግራ እጃቸው እየሰበሰቡ፣ «አልዘጋብኝም ግን።»